የሚታመን ሰው ጉድጓድ አይዘጋም

ነገሌ ቦረና ላይ ስለ እግዚአብሔር ጥበቃ የሚጠይቅ ሰው፣ አጠያየቁ ይለያይ እንጂ፣ የሚጠይቀው ስለ ውሃ ነው። ደገኛው ዘመዴ ዝናብ ቢያጥረው ምንጭ አለው፤ ምንጩ ቢነጥፍ ወንዝ ይወርዳል። እዚህ ግን ገናሌና ዳዋ ርቀው በቆላ የሚያልፉ ወንዞች ናቸው። ሰውና ከብት የሚኖሩት በዝናብ፣ በኩሬና በጉድጓድ ነው። ስለዚህ «እግዚአብሔር ያዘጋጃል» የሚለው ጽሑፍ ከክብረ መንግሥት በሚወርድ አይሱዙ ግንባር ላይም ሆነ በሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ሲነበብ ጌጥ አይደለም። ወይ እውነት ነው፣ ወይ ሰው የሚገድል ውሸት ነው።

እኔ የውሃ ሞተር ጠጋኝ ነኝ። ጡረታ ብወጣም ሞተር ሲቆም ዛሬም ይደውሉልኛል። የመካነ ኢየሱስ ምእመን ነኝ፤ በማኅበራችን በሽምግልና አገለግላለሁ እንጂ ሰባኪ አይደለሁም። «በዘይት የጨቀየ እጅ ይዞ ስለ እግዚአብሔር መጻፍ ምን አገባው?» የሚል ቢኖር አልቀየመውም። ነገር ግን ሰው ውሃ ሲቋረጥበት ከፈጣሪው ጋር የሚነጋገረውን ያህል በሌላ ቀን ሲነጋገር አላየሁም፤ የእኔ ሥራ ደግሞ ውሃ ሲቋረጥ መድረስ ነው። በዚህ ሥራ የታዘብኩት ይህ ነው፦ በእግዚአብሔር መታመናችን የሚለካው ዝናብ በምንጠብቅበት ሰዓት ብቻ አይደለም። ይበልጥ የሚለካው የቀረችንን ትንሽ ውሃ በምንይዝበት አያያዝ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሆነውን የዚህ አገር ሰው አይረሳውም። ቦረና በዓመት ሁለት ዝናብ አለው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዋናውና ሐገያ የሚባለው የጥቅምትና የኅዳሩ። አንዱ ሲቀር ሰው ይጨነቃል። ሁለተኛው ሲቀር ከብት ይሸጣል። ሦስተኛው ሲቀር ገበያ የወጣው ከብት ገዢ ያጣል። ያኔ የቀሩት ግን በተከታታይ አምስት ናቸው። በአርባ ዓመት ያልታየ ድርቅ ተባለ። የከብት ሬሳ በየመንገዱ ዳር ተጋደመ፤ መንጋ የነበረው አባወራ ዱብሉቅ ላይ በላስቲክ መጠለያ ሥር እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ጸለይን። ቤተ ክርስቲያኑ ጾም አወጀ፣ መስጊዱ ለዝናብ ሰገደ፣ የገዳ አባቶችም በልማዳቸው ለመኑ።

በ2015 ዓ.ም. ዝናቡ መጣ። ሰው ደጅ ወጥቶ እየረጠበ አለቀሰ። ግን አጥንቷ ብቻ የቀረ ላም ቀዝቃዛ ዝናብ አትችልም፤ ድርቁን ያለፉ ከብቶች በዝናቡ ሌሊት ወደቁ። ሁሉ አልቆባት በአንዲት ላም የቀረች ጎረቤታችን፣ ያቺም ላም በዝናቡ ማግስት ከሞተች በኋላ እቤቴ መጥታ፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ ጸሎታችን ተሰማ ነው የሚባለው ወይስ አልተሰማም?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ባለቤቴ ቡና አፈላች፣ አብረን ተቀመጥን።

ለእንዲህ ያለው ጥያቄ አገራችን ሁለት የተዘጋጁ መልሶች አሏት። አንደኛው «ኃጢአታችን ነው» ይላል። ይህን የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚታየው የጎረቤቱ ኃጢአት ነው። ጌታ ግን የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለ ገደላቸው 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከቀሩት የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ በግልጽ አስተምሯል። ሁለተኛው መልስ «ሁሉም ለበጎ ነው» የሚለው ነው። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ጽፏል፤ አምነዋለሁ። ነገር ግን ጳውሎስ የጻፈው ድብደባውንና እስሩን በራሱ ገላ ተሸክሞ ነው፤ እኛ የምንናገረው ስለ ሌላ ሰው ላም ነው። መከራው የደረሰበት ሰው ሲለው እምነት ነው። ሬሳውን ለማንሳት ያላገዘ ሰው ሲለው ግን መሸሻ ነው።

ለድርቅ አገር ሰው የተጻፈ የሚመስለኝ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል የአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 17 ነው። ኤልያስ ወደ ኮራት ፈፋ የሄደው በራሱ አሳብ አይደለም፤ እግዚአብሔር ልኮት ነው። ቁራዎች ጠዋትና ማታ ምግብ ያመጡለታል፤ ከፈፋው ይጠጣል። ከዚያ ፈፋው ደረቀ። ሰባኪዎቻችን ቁራዎቹ ላይ ብዙ ይቆዩና ይህችን ቁጥር በሩጫ ያልፏታል። እኔ እዚህ ላይ እቆማለሁ። ኤልያስ አልሳተም፣ አላመፀም፤ ውሃው ያለቀበት በታዘዘበት ቦታ ተቀምጦ ሳለ ነው። «እግዚአብሔር መርቶኝ ከሆነ ለምን ደረቀብኝ?» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። የተመሩበት ቦታ ሊደርቅ ይችላል፤ መድረቁም መሪው ጥሎ ለመሄዱ ምልክት አይሆንም።

ቀጥሎ የተላከበት ቦታ ደግሞ ይብሳል። ወደ ባለጸጋ ቤት አልተላከም። በሲዶና አገር ሰራፕታ ላይ፣ የመጨረሻ እፍኝ ዱቄቷን ጋግራ ከልጇ ጋር ከበላች በኋላ ሞትን ወደምትጠብቅ መበለት ተላከ። እርሱም ከዚያችው እፍኝ ለእርሱ አስቀድማ እንድትጋግርለት ጠየቃት። ዱቄቱ የማያልቅ ሆኖ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። እግዚአብሔር ነቢዩን በአንዲት ባዕድ ድሃ እጅ መገበ፤ ድሃይቱንም በነቢዩ ቃል አቆየ። አንዱ ሌላውን ባይቀበል ኖሮ ሁለቱም አይተርፉም ነበር።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ወንጌልን ወደ ሲዳሞና ወደ ቦረና ይዘው ከመጡት መካከል የኖርዌይ ሉተራን ሚሽን ሰዎች ይገኙበታል። ቀድሞ የሥራ ሜዳቸው ቻይና ነበር። በጦርነትና በአብዮት ያ በር ሲዘጋባቸው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ አዞሩ። ቻይና ላይ ሲዘጋባቸው አልቅሰው ይሆናል፤ እኔ ግን ወንጌልን የሰማሁት በዚያ መዘጋት ምክንያት ነው።

ስለ ምሪት ስናወራ ግን ብዙዎቻችን የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቅ። የቦረና አያንቱዎች ከዋክብት አይተው ቀን ይቆጥራሉ። የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ በሬዲዮ ይነገራል። በእኛ በወንጌላውያኑ ሰፈር ደግሞ በስልክ ትንቢት ይመጣል፤ «በዚህ ወር በርህ ይከፈታል»፣ «ቪዛህ ወጥቷል» ይባላል። አያንቱው ቢያንስ ዕድሜውን ሙሉ ሰማዩን ያጠናል፣ ትንበያውም መሣሪያ አለው። ለስልኩ ትንቢት ግን ማንም ተጠያቂ አይሆንም፤ ወሩ ሲያልፍ ሌላ ወር ይተካል። የሚያሳዝነኝ መሳሳቱ ብቻ አይደለም። የሚሆነውን አውቃለሁ ብሎ የተቀመጠ ሰው በእግዚአብሔር መታመን የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?

ዘፍጥረት 26 ላይ ይስሐቅ በረሃብ ዘመን ወደ ግብፅ እንዳይወርድ ታዘዘ፤ ቆየ። ከዚያ በኋላ ጉድጓድ በቆፈረ ቁጥር የጌራራ እረኞች ውሃው የእኛ ነው እያሉ ተጣሉት። ሁለት ጊዜ ለቆላቸው ሄደ። ሦስተኛው ላይ የተጣላው የለም። እግዚአብሔር ሦስተኛው ጉድጓድ ሰላማዊ እንደሚሆን አስቀድሞ አልነገረውም። የሰጠው ተስፋ አብሮት እንደሚሆንና እንደሚባርከው ነው። ጉድጓድ ምን ያህል ገንዘብ፣ ጉልበትና ወራት እንደሚበላ አውቃለሁ፤ ቆፍሮ ውሃ ያገኘ ሰው ያንን ለተቀናቃኝ ትቶ መሄዱ ከመቆፈሩ የከበደ ነው። ይስሐቅ የቻለው ኑሮው በዚያ ጉድጓድ ላይ እንዳልቆመ ስላመነ ነው። ለእኔ ምሪት ማለት ይህ ነው፤ ያለፈውን የመልቀቅ ነጻነትና ቀጣዩን የመቆፈር ጉልበት።

እኔም ወደ ነገሌ የመጣሁት ራእይ አይቼ አይደለም። ከጎጃም ደጋ ያመጣኝ የመንግሥት የምደባ ወረቀት ነው። እናቴ «ቆላ ነው፣ ወባ ይጨርስሃል» ብላ አልቅሳ፣ ለማርያም ተስላ ሸኘችኝ። እዚህ አገባሁ፣ እዚህ ወለድኩ። ዛሬ ዞር ብዬ ሳየው ምሪት ነበር እላለሁ፤ ያን ቀን የታየኝ ግን የአውቶቡሱ አቧራ ብቻ ነው።

ይህች ከተማ ደግሞ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የምትጠራበት አንድ የውሃ ነገር አላት። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ የሰፈረው ብርጌድ ወታደሮችና የበታች ሹማምንት አዛዦቻቸውን አሰሩ። ምግባቸው የሚበላ አልነበረም፤ የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቷል፤ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዱ አልፈቀዱላቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ የምድር ጦር አዛዡን ሌተናል ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ቢልኩ፣ ወታደሮቹ እርሳቸውንም ይዘው የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። እምቢታው በቀጣዩ ወር ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛመተ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የታሪክ ጸሐፊዎች ለአብዮቱ መነሻ የወሎን ረሃብ፣ የመሬትን ጥያቄና የነዳጅን ዋጋ ያነሳሉ፤ ትክክል ናቸው። እኔ የፓምፕ ሰው ስለሆንኩ ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። ፓምፕ ይበላሻል፤ ቺንጋ ይበጠሳል፣ ኩሽኔታ ይበላል። በብልሽት ምክንያት አመፅ ሲነሳ አላየሁም። ሰው የሚነሳው አጠገቡ ውሃ እያለ ሲዘጋበት ነው።

እነዚያን መኮንኖች ልዩ ክፉዎች አድርጌ አላያቸውም። «ሁሉም ከቀዳ ለእኛ አይበቃም» ብለው ያሰቡ ይመስለኛል። ይህ አሳብ የእያንዳንዳችን ነው። ጌታ ስለ ነገ እንዳንጨነቅ ሲያዝ ብዙ ሰው ስለ አእምሮ ዕረፍት ብቻ የተናገረ ይመስለዋል። ጭንቀት ግን በልብ ውስጥ አይቀርም፤ ቁልፍ ይገዛል፣ አጥር ያጥራል፣ ዘበኛ ይቀጥራል። በምድረ በዳ መናውን ያሳደሩት እስራኤላውያን ነገ የማይወርድ መስሏቸው ነበር፤ ያሳደሩት ተልቶ ሸተተ። አለመታመን ሲጨክን መልኩ ይህ ነው፤ ሌላው እየተጠማ የሚሸት ክምችት።

ወደ ዱብሉቅ ብንወርድ ሌላ ዓይነት ጉድጓድ እናገኛለን። ቦረናዎች ዘጠኙ ቱላ የሚሏቸው ጥልቅ ጉድጓዶች በእጅ የተቆፈሩ ናቸው። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውሃውን ያወጡታል፤ አንድ ሰው ብቻውን ምንም ማውጣት አይችልም። አባ ሄሬጋ የሚባለው ተራ አስከባሪ የማን መንጋ ዛሬ፣ የማን ነገ እንደሚጠጣ ይወስናል። ጉድጓዱ ባለቤት አለው፤ ባለቤትነቱ ግን ከመከልከል ይልቅ ማስጠረግንና ሥርዓት ማስጠበቅን የሚያሸክም ነው። ከብቱ ያለቀበትን ሰው ደግሞ ወገኖቹ ቡሳ ጎኖፋ በሚሉት ሥርዓት አዋጥተው ያቋቁሙታል። ይህን ሥርዓት ለዘመናት ያቆዩት ሰዎች ክርስቲያኖች አልነበሩም። ጌታ ምሳሌውን ከሳምራዊ ከወሰደ፣ እኔ ከቱላ ብወስድ ነውር አይመስለኝም። በእርግጥ ያ ድርቅ ይህንንም ፈትኖታል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደኸይ መዋጮው ከየት ይመጣል? ሥርዓቱ ቅዱስ ስለሆነ አይደለም የማነሳው። ለፍርሃት በር የማይከፍት ስለሆነ ነው።

በማኅበራችን አንድ ወጣት አለ፤ ይህን ስናገር «ጋሼ፣ የሚነግሩን ስለ ሰው መረዳዳት ነው፤ እግዚአብሔር የት ገባ?» ይለኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን የማይበት አንድ ነገር አለኝ። በአንድ መንደር ሞተሩ ቆሞ መለዋወጫው በቶሎ ሳይመጣ ቀረ። የቦኖው ውሃ ሻጭ፣ ልጆች ያሏት ሴት፣ ሮቶው ውስጥ የቀረውን ለሰፈሩ ሁሉ እኩል በጀሪካን ለክታ ስታድል አገኘኋት። ቁልፉ በእጇ ነው፤ ለቤቷ አስቀድማ ብትቀዳ ማንም አያይም። ለምን እንዳላደረገች ብጠይቃት፣ «ጋሼ፣ እኔ የጌታ ልጅ ነኝ። እነሱስ የማን ናቸው?» አለችኝ። ደግ ሰው ሲተርፈው ይሰጣል። ሊያልቅበት ሲል ግን ደግነት ብቻውን አይበቃም፤ ደግ ሰዎች እጃቸውን ሲሰበስቡ አይቻለሁ፣ አልፈርድባቸውም። የመጨረሻውን የሚያካፍል፣ ጎተራው የእኔ አይደለም፣ ባለቤትም አለው ብሎ ያመነ ሰው ነው። እግዚአብሔር የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

ይህ ማለት ግን የታመነ ሰው ጉዳት አይደርስበትም ማለት አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው፣ ሕዝባቸውን ጥለው አልሄዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ለአሥር ዓመት ያህል ታስረዋል። ጥበቃ ማለት ከአደጋ ማምለጥ ብቻ ከሆነ አልተጠበቁም ማለት ነው። ወንጌል ግን እንዲህ ዓይነት ተስፋ ለማንም አልሰጠም፤ ለራሱ ለጌታም አልሆነለትም። ቄስ ጉዲና ፍርሃት ያወጣላቸውን ውሳኔ አልወሰኑም። ያን ማድረግ ያስቻላቸውን እኔ የእግዚአብሔር እጅ እለዋለሁ።

ጌታ እንድንመለከታቸው ያዘዘን የሰማይ ወፎችም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። ከነገሌ ወጣ ብሎ ባለው ሊበን ሜዳ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ ሊቃውንት በሜዳው ስም ጠርተዋታል። በዓለም ላይ ከመጥፋት አፋፍ ከደረሱት ወፎች አንዷ ናት፤ ፈረንጆች በመነጽር ሊያዩዋት እስከዚህ ይመጣሉ። የምትኖረው ረጅም ሣር ውስጥ ነው። ሜዳው ሲታረስ፣ ቁጥቋጦ ሲወርሰው፣ ከልክ በላይ ሲጋጥ መጠጊያ ታጣለች። እግዚአብሔር ወፎችን ይመግባል፤ የሚመግባቸው ግን በሣሩ ነው፣ ሣሩም ያለው በእኛ እጅ ነው። ጌታ ድንቢጥ አትወድቅም አላለም፤ ያለ አባታችሁ ፈቃድ አትወድቅም አለ እንጂ። የአካባቢው አርብቶ አደሮች ለጥጆች ብለው በጋራ የሚከልሉት ካሎ የሚባል ግጦሽ አለ። ሣሩ በዚያ ሲያገግም ለጥጃውም ለወፏም ይሆናል። ለጥጃ የታሰበ ጥበቃ ሰው ላላሰባት ፍጥረት ይተርፋል።

ለጎረቤታችንም ቆይቼ የመለስኩላት ይህንኑ ነው። ጸሎታችን ተሰምቷል፤ ላምሽም ሞታለች፤ አንዱን ብለን ሌላውን አንካድ አልኳት። ሌላ ላም ማን ይስጥሽ የሚለው ግን የእኛ የጎረቤቶችሽ ተራ ነው። ማኅበራችን አዋጥቶ ፍየሎች ገዛላት። ላሟን አይተኩም፤ ልጆቿ ግን ወተት ይጠጣሉ።

ድርቅ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ይህን ለሚያነብ ክርስቲያን ወገኔ የምለው አለኝ። ዝናብ ሳይጀምር ኩሬ ጥረጉ። ለጥጃ ሣር ከልሉ። ለቦኖው ኮሚቴ የመለዋወጫ ገንዘብ አዋጡ፤ ቺንጋውንና ፊልትሮውን አስቀድማችሁ ግዙ። ይህ እምነት ማጣት አይደለም፤ ዮሴፍም ለሰባት ዓመት እህል አከማችቷል። ጥያቄው ለማን ታከማቻላችሁ የሚለው ነው። ለሰፈሩ ከሆነ እምነት ነው፤ በሰፈሩ ላይ ለመቆለፍ ከሆነ ግን ፍርሃት ነው። ይህን አድርጉና ጸልዩ። ለተጎዳ ሰው «እግዚአብሔር ያውቃል» ለማለት የሄዳችሁ ጊዜ ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ።